የማክሰኞ ፊሽካ

ከቀበሌው በር ላይ ወረቀት ለጠፉ፣
ፊደሉን አድምቀው በቀይ ቀለም ጻፉ፦
«የሚበሰብሰው ለብቻ ይታሰር፤
ደረቁ ለብቻው፣ ሳይነካካ ይደር፤
አመድ ሳይቀዘቅዝ ከቤት እንዳይወጣ፤
ማክሰኞና ዓርብ ነው ጋሪ የሚመጣ፤
ወንዝ ዳር የደፋ፣ ቦይ ውስጥ የጣለ
አምስት መቶ ብር ነው፤ ይግባኝ የለም» አለ።

ቆሜ አነበብኩት፣ መነጽሬን ጠርጌ፤
አንድ ፊደል አረምኩ፣ እስክሪብቶ ፈልጌ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንብ ስለጥፍ ኖሬ
ለድንች ልጣጭ ደግሞ ልፈተን ወይ ዛሬ?
ብዬ ገባሁ ቤቴ።

ሐምሌ ነው። መብራቱ ሄዷል እንደ ልማዱ።
ውሻ እንኳ አይጮህም፤ ጨቅይቷል መንገዱ።
ሁለት ፌስታል ይዤ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣
ወረድኩ ወደ ቀሃ፣ እየመታ ልቤ።
ድልድዩ ላይ ቆምኩኝ። ወረወርኩት። ጧ አለ።
ወንዙ እያጓራ የዋጠው መሰለ።

ወንዝ ግን አይውጥም፤ ያላምጥና ይተፋል፤
ሲነጋ የሰው ጉድ ድንጋይ ላይ ያነጥፋል።
የሽንኩርት ገለባ፣ የተጋጠ በቆሎ፣
የሳሙና ልባስ ከፌስታል ተነጥሎ፣
ከመሀሉ ደግሞ፣ ርሶም ሳይቀደድ፣
የመብራት ቢል፦ «አዛናው ፈንቴ»። እኔን ለማዋረድ።

ያገኘችው የሻረግ ናት፤ ጋሪ የምትገፋው፣
ቢጫ ቦቲ ጫማዋ ከእግሯ የሚሰፋው።
አራተኛ ክፍል እኔው ነኝ ያስተማርኳት፤
«ደብተርሽ ቆሽሿል» ብዬ ያንበረከክኳት።

እሑድ ስብሰባ ላይ ቢሉን ዘረጋችው፤
እንደ ንባብ ክፍለ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው፦
«መምህር የመብራት ሲከፍሉ አንድ ቀን አያልፉም።
ጎበዝ ናቸው። ቆሻሻውን ግን በወቅቱ አይደፉም።»
አዳራሹ ሳቀ። ማረውን ሳል እስኪይዘው ድረስ።
ከፈልኩ። ደረሰኝ ሰጡኝ።
(እሱም ደረቅ ነው።)

ከዚያ ወዲያ ተማርኩ።
ሃይላንዱን ረግጬ፣ ክዳኑን ለይቼ፣
የድንቹን ልጣጭ በባልዲ ከትቼ፣
ቀዳዳ ምድጃ ለቆራሌው ሰጥቼ፣
ፊሽካው ሲነፋ በሩ ላይ ነኝ ቀድሜ።
«የብርቱካን ልጣጭ እርጥብ ነው። ሲደርቅስ?» ስላት ቆሜ፣
«መምህር፣ መንገዴ ረጅም ነው፤ ፈተና አያውጡብኝ» ትላለች።
ትስቃለች።

ማረው አመዱን ከነፍሙ ደፍቶባት አንድ ሰሞን፣
እሳት በልቶታል የጋሪዋን ጎን።
ከዚያ ወዲህ መዳፏን አመዱ ላይ ታሳርፋለች፤
ሙቀቱን ሳትለካ፣ ቢለምኗት፣ አትቀበልም።

ባለፈው ማክሰኞ የእማዋይሽን ክፍል ከፈትኩ።
ሁለት ዓመት ተዘግቶ ነበር። ጠረግኩ።
የኪኒን ልባሱ ደረቅ ነው። የሬዲዮው ድንጋይ
ለብቻው ነው፤ ዘንድሮ ተጨምሯል ደንቡ ላይ።
ከአልጋው ሥር ጫማዋ። ጥቁር ኮንጎ፣ ባለ ማሰሪያ።
ሶሉ ላይ እስካሁን አለ የቅዳሜ ገበያ
ጭቃ።

ላስቲክ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ይህን የሚስት የለም።
ከረጢቱ አፉን ከፍቷል። እጄ ግን አይለቅም።

የሻረግ ፊሽካዋን ካፏ አወረደች።
ጫማውን አየችው። እኔንም አየች።
ብዙ ደጅ ይቀራታል፤ ዳገቱም ገና ነው።
ጓንቷን አወለቀች።
መዳፏን ጫማው ላይ አሳረፈች፣ እንደ አመዱ፣
ትንሽ ቆየች።
«አልቀዘቀዘም» አለች። «ቤት ይመልሱት፣ መምህር።»

ጋሪውን ገፋችው።
ፊሽካው ከማረው በር ላይ ተነፋ።